ሆድና ልቡና፤ ውፍረት አእምሮን ያደነዝዛል የተባለበት ረጅም ታሪክ

በአማርኛ ሆድ የእህል ማደሪያ ብቻ አይደለም። ምስጢር የሚቀበረው፣ ቂም የሚቋጠረው በሆድ ውስጥ ነው። ሊነገር ያልተቻለ ነገር «ሆድ ይፍጀው» ይባልለታል፤ ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፤ ነገር ቻይና ታጋሽ የሆነ ሰው ደግሞ «ሆደ ሰፊ» ተብሎ ይመሰገናል። ይኸው ቋንቋ ሲቆጣ «ሆዳም» ብሎ ይሰድባል። «ጥጋብ» በሚለው ቃል ውስጥም መጥገብና ዕብሪት አብረው ያድራሉ። እንግዲህ የጠገበ ሰው በአማርኛ አነጋገር በአብዛኛው የሚከሰሰው በትዕቢት ነው እንጂ በድንቁርና አይደለም። ውፍረትማ ከነጭራሹ ክስ አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ወዳጆች «ወፈርህ፤ ተመችቶሃል» ቢባባሉ ምስጋና ነው፤ «ከሳህ፤ ምን ነካህ?» የሚለው ግን የሐዘኔታ ጥያቄ ነው።

ወፍራም ሆድ ስል አእምሮ አይወልድም የሚለው ሐሳብ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ129 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን ይህን አባባል በዘመኑ በሰው ሁሉ አፍ የሚነገር አድርጎ ይጠቅሰዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚገርመው ግን የጋሌን ዒላማ ሥራ ፈቱ ባለጸጋ አልነበረም። እሱ የተቆጣው በትግል ሜዳ ለማሸነፍ ሲሉ ሥጋና ዳቦ ያለ ልክ በሚጎርሱ ስፖርተኞች ላይ ነበር፤ ነፍሳቸው በሥጋና በደም ጭቃ ውስጥ ተቀብራለች ብሎ ይዘልፋቸዋል። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ394 ዓ.ም. ገደማ፣ ላቲናዊው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ጀሮም ለአንድ ወጣት ካህን በጻፈው ደብዳቤ ያንኑ የግሪኮች ተረት መልሶ አነሣው። በጀሮም እጅ አባባሉ የስፖርተኞች ወቀሳ መሆኑ ቀርቶ የጾም ምክር ሆነ። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ገዳማትም ተመሳሳይ ሐሳብ ይነገር ነበር፤ በኢትዮጵያ ገዳማት ሲነበቡ በኖሩት የመነኮሳት መጻሕፍት ከጥጋብ የሚመጣ የልቡና መክበድ ደጋግሞ ይነሣል። መነኮሳቱ የተናገሩት ግን ከማዕድ በኋላ በጸሎት ሰዓት ስለሚመጣ እንቅልፍና ድብርት እንጂ የአንድ ሰው ክብደት በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ በአንጎሉ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር አይደለም። ሁለቱ ተምታትተው ብዙ ዘመን ኖረዋል።

ፖለቲከኞቹም የራሳቸው ሥሌት ነበራቸው። የታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው ዩልዮስ ቄሣር የሚሠጋው ከወፋፍራሞቹና ጠጉራቸውን ከሚያሳምሩት ሳይሆን ከገረጡትና ከከሱት ነበር፤ ብሩተስንና ካስየስን ማለቱ ነው። ወፍራሙ አይጠረጠርም፤ ከሲታው ግን ያስባል፣ ያስባልና ያሤራል። ሼክስፒር ይህን ወስዶ በተውኔቱ ውስጥ ካስገባው በኋላ ነገሩ በአውሮፓ የተማሩ ሰዎች ዘንድ እንደ ተረጋገጠ እውነት ይያዝ ጀመር።

በሌላ በኩል ሐኪሞች የራሳቸውን ነገር ይመለከቱ ነበር። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት አጫጭር የሕክምና ቃላት ውስጥ፣ በተፈጥሯቸው በጣም የወፈሩ ሰዎች ከቀጫጭኖቹ ይልቅ ለድንገተኛ ሞት ይቀርባሉ የሚል አለ። በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና ደግሞ «አል ቃኑን» በተሰኘው ታላቅ የሕክምና መጽሐፉ ከልክ ያለፈ ውፍረት የደም ሥሮችን እንደሚያጠብ፣ ትንፋሽ እንደሚያሳጥርና ሰውን ለስትሮክ እንደሚያጋልጥ ጽፏል። ኢብን ሲና ወፍራም ሰው ሞኝ ነው አላለም። ያየው የደም ሥር ነበር። ይህ እይታ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ተከታይ አጥቶ ቆይቷል ማለት ይቻላል፤ ጆሮ ያገኘው ተረቱ ነውና።

ተረቱን የሚያፈርሱ ሰዎች ግን በየዘመኑ አልጠፉም። በ1274 ያረፈው ቶማስ አኳይናስ በተማሪነቱ ግዙፍነቱንና ዝምታውን ያዩ ባልንጀሮቹ «ዲዳው በሬ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ በኋላ የምዕራቡን ዓለም ነገረ መለኮት ለዘመናት የመራ ሰው ሆነ። የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩምን በወጣትነቱ ያወቀው አንድ የአየርላንድ መኰንን በበኩሉ፣ ፊቱ ሰፊና ሥጋማ መሆኑንና አካሉ ከረቂቅ ፈላስፋ ይልቅ ግብር በልቶ የጠገበ የከተማ ሹም እንደሚመስል ጽፎ አልፏል። ያ ሰው ሲጽፍ ተደንቆ ነበር፤ ተረቱን ግን አልተጠራጠረውም። እንዲህ ያለ እምነት አንድ ምሳሌ ቢያፈርሰውም «እሱ የተለየ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በ1836ና በ1837 በየወሩ እየታተመ የወጣው የቻርልስ ዲከንስ «የፒክዊክ ወረቀቶች» ውስጥ ጆ የሚባል አንድ ወፍራም የቤት አሽከር አለ። ጆ በር እያንኳኳ ይተኛል፤ ቆሞ ይተኛል፤ ሲነቃ ይበላል፤ በልቶ መልሶ ያንኮራፋል። አንባቢው ሕዝብ እየሳቀ ተቀበለው። ወፍራምነት፣ እንቅልፋምነትና ጅልነት በአንድ ልጅ ላይ ተዋሕደው ሲታዩ የሚያስገርም ነገር የለውም ነበር፤ ሁሉም «እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ» ያለው ነው።

ከ120 ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ በቦስተን የሚገኘው የፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ሐኪሞች ስለ አንድ ሕመምተኛ የጻፉት ዘገባ ታተመ። ሰውየው የ51 ዓመት ነጋዴ ነው፤ ክብደቱ 120 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሥራውን የሚያውቅ፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ነበር። ነገር ግን ክብደቱ እየጨመረ ከሄደ ወዲህ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለው ጀመር። ወደ ሐኪም ያመጣው ምክንያት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከወዳጆቹ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ይጫወት ነበር። አንድ ምሽት ሦስት አስና ሁለት ንጉሥ ደረሱት። ጨዋታውን የሚያውቁ እንደሚመሰክሩት እንዲህ ያለ ዕድል ለሰው ስንት ጊዜ ይመጣል! ሰውየው ግን ካርታውን በእጁ እንደ ያዘ አንቀላፋ፤ ዕድሉም አመለጠው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆስፒታል ገባ።

ሐኪሞቹ ሲመረምሩት ደሙ ውስጥ ኦክስጂን አንሶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶ አገኙት። የትንፋሹ ሥርዓት ተበላሽቶ ነበር። ምግቡ በጥብቅ ተቀንሶ ክብደቱ ሲወርድ ትንፋሹ ተስተካከለ፤ እንቅልፉም ለቀቀው። ሐኪሞቹ የዲከንስን ጆ አስታውሰው ሕመሙን «የፒክዊክ ሲንድረም» አሉት። በ1965 በፈረንሳይና በጀርመን የነበሩ ተመራማሪዎች ደግሞ የእንዲህ ዓይነት ሰዎችን የሌሊት እንቅልፍ በመሣሪያ ሲከታተሉ፣ በሌሊት ትንፋሻቸው በተደጋጋሚ እየተቋረጠ እንደሚነቁ ደረሱበት። ወፍራም አንገት የአየር መተላለፊያውን ይጫነዋል፤ አንጎል አየር ሲያጣ ሰውየውን ይቀሰቅሰዋል፤ እሱ ግን ጠዋት ትዝ አይለውም። በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫንና ባልደረቦቹ በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ መተላለፊያውን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ሠርተው ፍሬውን አሳዩ።

ይህ ታሪክ ቀላል አይደለም። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል በወፍራም ሰው ላይ ሲሳቅ የኖረበት «ድንዛዜ» ከፊሉ እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ተገኘ። ሌሊቱን ሙሉ ሲታነቅ ያደረ ሰው ቀን ቢያንቀላፋ ስንፍናም ጅልነትም አይደለም። ዳኛው ፊት ሲያንቀላፋ የተገሠጸ የችሎት ጸሐፊ፣ ክፍል ውስጥ ሲያንጎላጅ ተማሪዎች የሳቁበት መምህር፣ መሪ ጨብጦ ያሸለበው የሩቅ መንገድ ሾፌር፣ ከእነዚህ መካከል ስንቱ ሕመምተኛ እንደ ነበር የሚቆጥረው የለም።

ውፍረትና አእምሮ በቁጥር ከመገናኘታቸው በፊት ውፍረት ራሱ ቁጥር ማግኘት ነበረበት። ቁጥሩን የሰጠው ሐኪም ሳይሆን የከዋክብት ተመራማሪ ነው። በ1796 በጌንት ከተማ የተወለደው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ፣ የከዋክብትን አቀማመጥ ለማስላት የሚጠቅመው ሒሳብ ለሰው ልጅም ይሠራል ብሎ ያምን ነበርና የወታደሮችን ደረትና የሕፃናትን ቁመት መቁጠርና ማነጻጸር ያዘ። በ1830ዎቹ የአዋቂ ሰዎች ክብደት ከቁመታቸው ካሬ ጋር እንደሚመጣጠን አስተዋለ። የፈለገው «አማካይ ሰው» የሚለውን ለማግኘት እንጂ ማንን ወፍራም እንደሚባል ለመወሰን አልነበረም። የሕይወት መድን ኩባንያዎች ማን ቶሎ እንደሚሞትባቸው ለማወቅ የክብደት ሠንጠረዥ ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1972 አሜሪካዊው አንሴል ኪስ ከባልደረቦቹ ጋር ከአምስት አገሮች የተሰበሰበ የ7,400 ያህል ወንዶች ልኬት መርምሮ፣ ከቀረቡት መለኪያዎች የኬትሌ ስሌት የሚሻል መሆኑን ጻፈ፤ «ቦዲ ማስ ኢንዴክስ» የሚለውንም ስም አወጣለት። ሁሉም ወንዶች እንደ ነበሩ ልብ ይሏል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው አንዲት ሴት በዚህ ቁጥር 30 ከደረሰች «ከልክ ያለፈ ውፍረት» ተብሎ ይጻፍባታል፤ ቁጥሩ ስቡ የት እንዳለ አይናገርም፤ ጡንቻ ይሁን ስብም አይለይም።

የስብ ማዕረግ የተለወጠው በ1994 ነው። በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ፣ በ1949 በሜይን ግዛት በጃክሰን ላቦራቶሪ የተገኘችውን ከልክ በላይ የምትወፍር የአይጥ ዘር መሠረት አድርገው፣ ስብ ራሱ የሚያመነጨውንና ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰውን ሆርሞን ምንጭ አገኙ። ሆርሞኑ ሌፕቲን ተባለ፤ ቃሉ በግሪክኛ «ቀጭን» ከሚለው የመጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ስብ እንደ ጎተራ እህል ዝም ብሎ የተቀመጠ ክምችት ተደርጎ ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከአንጎል ጋር ሌት ተቀን የሚነጋገር የሰውነት ክፍል ሆነ። ሌፕቲን የሚቀበሉ ተቀባዮች ረሃብን በሚቈጣጠረው የአንጎል ክፍል ብቻ ሳይሆን ትዝታ በሚደራጅበት ሂፖካምፐስ ውስጥም ተገኙ። በተለይ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ሰውነትን በዝግታ የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል፤ የኢንሱሊንን ሥራ ያደናቅፋል፤ የደም ግፊትን ያባብሳል። ኢብን ሲና ያመለከተው የደም ሥር እንደገና መድረኩ ላይ ወጣ።

በዚህን ጊዜ በማሳቹሴትስ የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ከ1948 ጀምሮ በልብ ሐኪሞች ሲለኩ ቆይተው ነበር። በ2003 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው በዚያች ከተማ ወፍራምም የደም ግፊት ያለባቸውም የሆኑ ወንዶች በማስታወስና በማሰብ ፈተና ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ውጤት ነበራቸው፤ በሴቶቹ ላይ ግን ይህ አልታየም። በዚያው ዓመት ከስዊድን የጎተበርግ ከተማ፣ በ70 ዓመታቸው ከፍ ያለ ክብደት የነበራቸው ሴቶች በኋላ በመርሳት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ተዘገበ። በ2005 ደግሞ ብዙ የተወራለት የሰሜን ካሊፎርኒያ ጥናት ታተመ። ከ1964 እስከ 1973 ባለው ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 45 በነበረ ጊዜ የተለኩ 10,276 ሰዎች በአማካይ ለ27 ዓመታት ያህል ተከታትለው ሲታዩ፣ ያን ጊዜ ከልክ በላይ ወፍራም የነበሩት በእርጅናቸው የመርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) የመያዝ ዕድላቸው ከመካከለኞቹ በ74 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ እነዚሁ ተመራማሪዎች የ6,583 ሰዎችን የሆድ ውፍረት ለይተው አዩ፤ ሆዳቸው ከሁሉ የገፋው ሰዎች ከሠላሳ ስድስት ዓመት ገደማ በኋላ የነበራቸው አደጋ ሆዳቸው ካነሰው ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ጠቅላላ ክብደታቸው ደህና ሆኖ ቦርጭ ብቻ ያወጡትም ከአደጋው አላመለጡም።

እዚህ ላይ ጋሌን ቢኖር ኖሮ «አላልኳችሁም?» ማለቱ አይቀርም። ግን አላለም፤ ያለው ሌላ ነው። እሱ የተናገረው ዛሬ ስለሚበላውና ዛሬ ስለሚደነዝዘው ሰው ነው። ጥናቶቹ የሚናገሩት ደግሞ በአርባ ዓመቱ ንግዱን አሳምሮ ስለሚያካሂድ፣ ሒሳቡን ስለሚያውቅ፣ በጨዋታው ሰው ስለሚያስቅ ሰው ነው፤ ዕዳው የሚመጣው በሰባ ዓመቱ ነው፤ ያውም በሁሉም ላይ አይመጣም።

ነገሩ ደግሞ ተገለበጠ። በ2015 ከብሪታኒያ የቤተሰብ ሐኪሞች መዝገብ የሁለት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ታሪክ ያሰባሰበ ጥናት፣ በጣም የከሱት የመርሳት ሕመም አደጋቸው በ34 በመቶ ከፍ ብሎ፣ ወፍራሞቹ ደግሞ ዝቅተኛ አደጋ ኖሯቸው አገኛቸው። ጋዜጦች «ውፍረት አንጎልን ይጠብቃል» ብለው ጻፉ። ግራ መጋባቱን በአብዛኛው የፈታው በ2018 የወጣ የለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ጥናት ነው። ከ10,000 በላይ ሰዎችን ለ28 ዓመታት የተከታተለው ይህ ጥናት፣ በ50 ዓመት ላይ ያለ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከኋለኛ የመርሳት ሕመም ጋር እንደሚያያዝ፣ በ60ና በ70 ላይ ያለው ግን እንደማይያያዝ አሳየ። ምክንያቱም በሽታው ስሙን ሳያገኝ ከስምንት ዓመት ገደማ አስቀድሞ ሰዎቹ መክሳት ይጀምራሉ። መክሳቱ የበሽታው መንሥኤ አይደለም፤ የበሽታው ዋዜማ ነው። አረጋዊት እናት ያለ ምክንያት እየከሱ ሲሄዱ «እሰይ ቀለላቸው» የሚል ልጅ ቢኖር፣ ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ከዚህም የጠለቀ ጥያቄ ነበር፤ ቀድሞ የመጣው ማን ነው? በኒውዚላንድ የደንዲን ከተማ በ1972ና በ1973 የተወለዱ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ክትትል ይደረግላቸው ነበር። በ2013 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ 38 ዓመት ሲሞላቸው ወፍራም የሆኑት በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ አምጥተዋል። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች በልጅነታቸው፣ ገና ሳይወፍሩም፣ ነጥባቸው ዝቅ ያለ ነበር። እስከዚያ ዕድሜ ድረስ ውፍረቱ አእምሯቸውን ሲቀንስ አልታየም። ድህነት፣ የትምህርት ማነስ፣ ርካሽ ምግብ፣ እነዚህ ሁሉ አእምሮንም ወገብንም በአንድነት ሊነኩ ይችላሉ። በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የ473 ሰዎችን አንጎል በምስል አንሥተው ሲያዩ፣ የወፈሩት የመካከለኛ ዕድሜ ሰዎች የአንጎላቸው ነጭ ክፍል መጠን በአሥር ዓመት ያህል የሚበልጧቸውን ቀጫጭን ሰዎች የሚመስል ሆኖ አገኙት፤ በአእምሮ ፈተናው ግን ልዩነት አልነበረም። አንድን ሰው በመንገድ ላይ አይቶ ከሆዱ ተነሥቶ ስለ አእምሮው የሚፈርድ ሰው፣ ከእነዚህ ጥናቶች በአንዱም ላይ መቆሚያ አያገኝም።

ይህ ሁሉ የተጻፈው ግን በቦስተን፣ በለንደንና በጎተበርግ ሰዎች ላይ ነው። የምሥራቅ አፍሪካው ታሪክ ሌላ መነሻ አለው። በ1929 በኬንያ ቅኝ ግዛት ደቡብ ካቪሮንዶ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዶኒሰን የ1,000 ጤነኛ ወንዶችን የደም ግፊት ለክቶ ውጤቱን አሳተመ። የአውሮፓውያን የደም ግፊት በዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ የእነዚህ ሰዎች ግን ከጎልማሳነት በኋላ እንዲያውም ዝቅ ይል ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሆስፒታሉ ከተቀበላቸው 1,800 ያህል ሕሙማን መካከልም የደም ግፊት ሕመምተኛ አልተገኘም። በዚያው በ1929 ወደ ኬንያ የመጣውና በኋላ በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሠራው ሂው ትሮዌል፣ በመጣበት ጊዜ ወፍራም አፍሪካዊ ማየት ብርቅ እንደ ነበርና በ1950ዎቹ ግን ሁኔታው እየተለወጠ መሄዱን መስክሯል። በ1956 ትሮዌልና ባልደረባው በአንድ አፍሪካዊ ላይ የታየ የልብ ደም ሥር በሽታ በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ሲጽፉ፣ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ብቻውን ለኅትመት የሚበቃ ዜና ነበር። በ1990 የታተመው የኬንያ ሉዎዎች የፍልሰት ጥናት ደግሞ ለውጡ ትውልድ እንኳ እንደማይጠብቅ አሳየ። ከቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ገጠር ተነሥተው ናይሮቢ የገቡ ሰዎች የደም ግፊታቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ከፍ ይል ነበር፤ ጨው መብላታቸውም ክብደታቸውም ጨምሮ ነበር።

ከዚያ መካከል ሌላ መከራ መጣ። በ1985 ከኡጋንዳ ለዓለም የተዘገበው አዲስ በሽታ በአገሩ ሰው ዘንድ መጠሪያው «ስሊም» ነበር፤ ቀጭን ማለት ነው። ኤች አይ ቪ ኤድስ በኡጋንዳ፣ በኬንያ፣ በኢትዮጵያ በየቤቱ ሲገባ መክሳት የሞት ምልክት ሆነ፤ ሰው ጤነኛ መሆኑን ለጎረቤት የሚያስመሰክረው በገላው ነበር። ያን ዘመን ያለፈ ትውልድ «ቀንስ» ሲባል ቃሉ የሚሰማው እንደ ርግማን ቢሆን አያስገርምም። ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሆነው ያው ትውልድ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ቀረብ የሚለው ምስክርነት ከእስራኤል የመጣ ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ጉዞ ከሱዳን ወደ እስራኤል የተወሰዱ ቤተ እስራኤላውያን አገራቸው ሳሉ የስኳር በሽታን እምብዛም አያውቁትም ነበር። በ1988 የወጣ ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ30 በታች ከሆነ ስደተኞች ወደ 9 በመቶ በሚጠጉት ላይ በሽታውን አገኘ። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ በኬትሌ ስሌት ሲለኩ ብዙዎቹ ወፍራም የሚባሉ አልነበሩም። ከጤፍና ከባቄላ ወደ ነጭ ዳቦና ወደ ጣፋጭ መጠጥ የተሻገረ፣ ከዳገትና ከቁልቁለት ወደ አውቶቡስ የገባ ሰውነት በሚዛኑ ላይ ሳይታወቅ ከውስጥ ተለውጦ ነበር። የስኳር በሽታ ደግሞ በእርጅና ለሚመጣ የመርሳት ሕመም ከታወቁት በሮች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 30 በመቶው ከሚገባው በታች ከሲታ ሲሆኑ፣ ከልክ በላይ የወፈሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ከሲታዎቹ ወደ 22 በመቶ ወርደው ወፍራሞቹ 8 በመቶ ደረሱ፤ በከተማ ደግሞ ከገጠሩ እጅግ ይበዛሉ። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። በልጅነቷ በድርቅ ዘመን የተራበችና በጎልማሳነቷ አዲስ አበባ ገብታ የወፈረች ሴት ሁለቱንም በአንድ ገላ ተሸክማለች።

የሚደረግ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። በ2015 ከፊንላንድ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ለአደጋው የቀረቡ ሰዎችን አሳተፈ፤ ከፊሎቹ ለሁለት ዓመት አመጋገባቸውን አስተካክለው፣ እንቅስቃሴ ሠርተው፣ አእምሯቸውን አለማምደው፣ የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን አስከትትለው የማሰብ ችሎታቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ክብደት በመቀነስ ስሙ የገነነው ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት በአንጻሩ፣ የአልዛይመር ሕመም በጀመራቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሕመሙን አላዘገየም፤ ውጤቱ የተሰማው በ2025 መጨረሻ ነው። የጊዜው ነገር ወሳኝ ነው፤ ጥናቶቹ የሚያመለክቱት አርባውንና ሃምሳውን እንጂ ሰባውን አይደለም።

እንግዲህ አንድ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወገቡ በሜትር ቢለካ፣ ስንት ሲሆን ነው «ተጠንቀቅ» የሚባለው? ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2000ዎቹ አጋማሽ ባወጣው መመሪያ ለአውሮፓውያን ወንዶች 94፣ ለሴቶች 80 ሴንቲሜትር ብሎ ወሰነ፤ ለቻይናውያንና ለደቡብ እስያ ሰዎች ለየራሳቸው ልክ ሰጠ፤ ከሰሐራ በታች ላሉ አፍሪካውያን ግን የራሳቸው መረጃ እስኪገኝ በአውሮፓውያኑ ይለኩ አለ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ከ24,000 በላይ ሰዎችን የለካ ጥናት ሲወጣ፣ አደጋው የሚጀምርበት ልክ ለሴቶችም ለወንዶችም 81 ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ለሴቶቹ የተዋሱት ቁጥር ደህና ኖሯል። ወገቡ 88 ሴንቲሜትር የሆነ ወንድ ግን በተዋሰው መለኪያ «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ እዚያም «አምሮብሃል» ይባላል።